የራስጌው አግዳሚ

ቡሬ ከተማ፣ ከገበያው ማዶ ባለች የእንጨት ሥራ ቤት፣ የካቲት አጋማሽ ከሰዓት በኋላ፤ አዛውንቱ አናጢ አቶ ታፈረ የልጃቸውን የቢያድግልኝን ሞት ትናንት ማታ ከሽማግሌዎች ሰምተዋል፣ ምራታቸው የሻረግ ግን መርዶው የሚነገራት ነገ ሲነጋ ነውና እስከዚያ ትንፍሽ እንዳይሉ ታዘዋል፤ እሷ ደግሞ ሊጠግኑላት የተቀበሏትን የጠፍር አልጋ ዛሬውኑ ካልሰጡኝ ብላ በራፉ ላይ ቆማለች።

የሻረግ፦ አልጋዬን ሳልይዝ ከዚህ ደጃፍ ንቅንቅ አልልም፣ አባባ። ጋሪ ተከራይቼ ገበያው ዳር አቁሜ ነው የመጣሁት።

ታፈረ፦ እንግዲያው ለፈረሱ ድርቆሽ ላኪለት፤ ቆሞ ማደሩ ነው። ዛሬ አይደርስም አልኩሽ እኮ።

የሻረግ፦ ሰኞም «ዛሬ አይደርስም» ነበር ያሉኝ።

ታፈረ፦ ሰኞም እውነቴን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የሻረግ፦ የዘገየስ ምን ለቀመ?

ታፈረ፦ የዘገየማ አላፈሰሰ፣ ምን ብሎ ይለቅማል?

የሻረግ፦ ተረቱን ለሌላ ደንበኛ ያቆዩልኝ። ምን ጎደለው? አራት እግር አለው፣ አራቱም ቆመዋል።

ታፈረ፦ ተገልብጦ ነው የቆመው፣ ልጄ። ተገልብጦ ሲያዩት ምኑም የጎደለ አይመስልም።

የሻረግ፦ ይገልብጡታ!

ታፈረ፦ ኮላው አልያዘም። ያ የግርጌው እግር ውስጡ ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ፍቄ አወጣሁና በዋንዛ ስባሪ ሞላሁት። ኮላ ደግሞ ሲነካኩት አይዝም።

የሻረግ፦ ኮላ! አያትዎ ሲሠሩት ኮላ ነበረ እንዴ? በሠርጌ ማግሥት እዚሁ አልጋ አጠገብ ቆመው «አንድ ምስማር፣ አንድ ጠብታ ኮላ የለበትም፤ እንጨት እንጨትን ነክሶ ነው የቆመው» ብለው የፎከሩብኝ ማን ነበሩ?

ታፈረ፦ ያኔ አልነቀዘማ። ሰውስ ሲያረጅ መርፌ ይወጋ የለ?

የሻረግ፦ አረንጓዴ ቀለሙንስ አስለቀቁልኝ?

ታፈረ፦ በስባሪ ጠርሙስ ፍቄ፣ ፍቄ። ጣቴ አለቀ። ከሥሩ የአያቴ ቅርጽ ወጣ፤ ያ የሐረጉ ጥልፍ፣ እዚያ የራስጌው እግር ላይ። የኑግ ዘይት ቀባሁትና ዋንዛው ቀይ ዳማ ሆኖ ብቅ አለ። ስንት ዘመን የኖረ እንጨት፣ ሰው ተነሥቶ የበር ቀለም ይቀባዋል?

የሻረግ፦ ለሠርጋችን እንዲያምር ብሎ እኮ ነው።

ታፈረ፦ ዐውቃለሁ። እስከ ሠርጉ ጧት ድረስ አላነጋገርኩትም። «አባባ፣ ዘመናዊ ይሁን ብዬ ነው» ይለኛል። ዘመናዊ!

የሻረግ፦ ታዲያ ይኼኛው እግር ለምን አረንጓዴውን ቀረ? ሦስቱ ተፍቀው አንዱ?

ታፈረ፦ ደከመኝ።

የሻረግ፦ እርስዎ? ሥራ ጀምረው?

ታፈረ፦ ሰው አይደለሁም? ይደክመኛል።

የሻረግ፦ እሺ። ጠፍሩስ?

ታፈረ፦ ያውልሽ ባልዲው ውስጥ። ተነክሯል።

የሻረግ፦ ከእሑድ ጀምሮ ተነክሯል። ቆዳ እያለሰለሱ ነው ወይስ ጠላ እየጠነሰሱ?

ታፈረ፦ የበሬ ቆዳ ግትር ነው። ሳይርስ ቢወጥሩት ይበጠሳል። ርጥቡን ወጥሮ ጥላ ላይ ሲተዉት ነው እንደ ከበሮ የሚከረው። ዛሬ ብወጥረው እንኳ ለነገ አይደርቅም። በርጥብ ጠፍር ላይ መተኛት ደግሞ ጎን ይወጋል።

የሻረግ፦ እኔ አልተኛበትም።

ታፈረ፦ ታዲያ ለማን ነው ይህ ሁሉ ጥድፊያ?

የሻረግ፦ ለባለቤቱ ነዋ።

ታፈረ፦ ለባለቤቱ።

የሻረግ፦ ለቢያድግልኝ። ልጅዎን ረሱት እንዴ? ለፋሲካ ይመጣል እያሉ በየቀኑ የሚነግሩኝ እርስዎ አይደሉ?

ታፈረ፦ ብያለሁ።

የሻረግ፦ እና መሬት ላይ ላስተኛው?

ታፈረ፦ ፋሲካ ገና ነው፣ የሻረግ። ጾሙ ራሱ አሁን መግባቱ ነው።

የሻረግ፦ የቆላ መንገድ ነው፣ ማን ያውቃል? መኪና ከቀናው ነገም ሊመጣ ይችላል።

ታፈረ፦ ነገ አይመጣም!

የሻረግ፦ ምነው? ምን ያስጮህዎታል?

ታፈረ፦ መዶሻው… ጣቴን መታኝ።

የሻረግ፦ መዶሻው እኮ መደርደሪያው ላይ ነው።

ታፈረ፦ መሮው ማለቴ ነው። ሽማግሌ መዶሻና መሮ ቢያምታታ ይፈረድበታል?

የሻረግ፦ ጣትዎን ያሳዩኝ።

ታፈረ፦ ተይው፣ አልደማም።

የሻረግ፦ ምሳዎም እንደተከደነ ነው። አልነኩትም።

ታፈረ፦ ጾም ነው ብዬ።

የሻረግ፦ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቄሱም በልተዋል።

ታፈረ፦ አንቺስ በላሽ?

የሻረግ፦ በላሁ።

ታፈረ፦ ውሸታም። አንገትሽ ክር አክሏል።

የሻረግ፦ እንዲያ ነው እንጂ፤ ወደ እኔ ያዙሩት። ዛሬ እንደሆነ ሰዉ ሁሉ አንዳች ነገር ሆኗል። ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። አዛለች ተራዋን ለቀቀችልኝ።

ታፈረ፦ የትኛዋ አዛለች? ይቺ ጎረቤቴ?

የሻረግ፦ እሷው። ለገዛ እናቷ ተራ የማትለቀው።

ታፈረ፦ ጾም ሲገባ ሰው ይለሰልሳል።

የሻረግ፦ የዕድሩ ድንኳንም አጥር ላይ ተሰጥቷል።

ታፈረ፦ ሻጋታ እንዳይበላው ነዋ። የዕድሩ ዳኛ ሙሉሰው እንደሆነ ለድንኳን ሟች ነው።

የሻረግ፦ ክረምቱን ሙሉ ሲሻግት የት ነበሩ?

ታፈረ፦ እኔ ምን ዐውቄ? አናጢ ነኝ፣ የድንኳን ዘበኛ አይደለሁ። ይልቅ ሂጂ፣ ጋሪውን መልሺ። ከነገ ወዲያ ራሴ አስጭኜ አመጣልሻለሁ።

የሻረግ፦ ከነገ ወዲያ ምን ያደርግልኛል? ዛሬ ነው የምፈልገው። በሉ እንዲያውም ልርዳዎት፤ ጠፍሩን እኔ ልያዝ፣ እርስዎ ይወጥሩ።

ታፈረ፦ የራስጌው አግዳሚ ሳይገባ ምኑ ላይ ይወጠራል? የተሰበረው እሱ አይደል?

የሻረግ፦ አዲሱ የታለ?

ታፈረ፦ እየሠራሁት ነው።

የሻረግ፦ ይኼ አይደለም እንዴ? ተልጎ፣ ለስልሶ፣ የጠፍሩ ቀዳዳ ሁሉ ተበስቶ ያለቀው?

ታፈረ፦ ተይው፣ አትንኪው።

የሻረግ፦ ምነው፣ እንጨት ነው እንጂ ታቦት ነው?

ታፈረ፦ ገና ይቀረዋል። ዛሬ ጧት ነው የቆረጥኩት።

የሻረግ፦ ምንም አልቀረው። እኔን አይሸውዱኝም፣ እዚህ ቤት ስንት ዓመት የመጋዝ ዱቄት ጠርጌያለሁ። ቆይ፣ ከግርጌው ጋር ላስተያየው።

ታፈረ፦ የሻረግ፣ አስቀምጪው ብዬሻለሁ!

የሻረግ፦ አባባ።

ታፈረ፦ ምን?

የሻረግ፦ ይኼ አጭር ነው።

ታፈረ፦ ያንቺ ዓይን ነው አጭር።

የሻረግ፦ ዓይኔ አይደለም፣ ክንዴ ነው። ይኸው፣ ይመልከቱ። የጎደለው አንድ ክንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ታፈረ፦ ምን ሲደረግ! እስቲ አምጪው።

የሻረግ፦ ይኸው።

ታፈረ፦ ቆይ፣ ከግርጌው ጋር ልግጠመው።

የሻረግ፦ አጭር ነው አይደል?

ታፈረ፦ አጭር ነው።

የሻረግ፦ እርስዎ ሜትር አይዙም። «እጄ ልኩን ያውቃል» ይላሉ።

ታፈረ፦ የሽማግሌ እጅ ነው። ይስታል።

የሻረግ፦ አልሳተም። ይህን ልክ ዐውቀዋለሁ። እማማ ያረፉ ጊዜ ቃሬዛቸውን ሲሠሩ ጫፉን የያዝኩልዎት እኔ ነኝ። የአንድ ሰው ወርድ ነው።

ታፈረ፦ ምን ታወሪያለሽ? ለዚህ ሰፈር ቃሬዛም ሳጥንም የምሠራው እኔ ነኝ፤ እጄ ለመደና…

የሻረግ፦ አርባ ዓመት ሲሠሩ አልጋና ቃሬዛ ተምታቶብዎት ያውቃል?

ታፈረ፦ ዛሬ ተምታታብኝ። በቃ። ሰው ይሳሳታል።

የሻረግ፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ነበር የሚባለው። የእርስዎን መጋዝ አወጣው።

ታፈረ፦ ምን ማለትሽ ነው?

የሻረግ፦ ማን ነገርዎት?

ታፈረ፦ ምኑን?

የሻረግ፦ ቄስ ምስጋናው ናቸው ወይስ አቶ ሙሉሰው?

ታፈረ፦ የሻረግ… አንቺ ምን የምታውቂው ነገር አለ?

የሻረግ፦ መርዶው ለነገ ንጋት ነው፣ አይደል? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ቀጠሮ ይዘዋላ።

ታፈረ፦ ድምፅሽን ቀንሺ! አዛለች ከግድግዳው ወዲያ ናት። ማን ነገረሽ? ማን ነው ወጉን ያፈረሰ? ሙሉሰው አፉ አያርፍም ብዬ ነበር!

የሻረግ፦ አቶ ሙሉሰው ምንም አላሉም። እኔ የጥምቀት ሰሞን ነው የሰማሁት።

ታፈረ፦ የጥምቀት? አሁን እኮ የካቲት ተጋምሷል።

የሻረግ፦ ዐውቃለሁ።

ታፈረ፦ እንዴት አድርገሽ ሰማሽ?

የሻረግ፦ አብሮት ወርቅ የሚቆፍረው ሰጠኝ ደወለ። እሱም እግሩን ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበርኩ። «ጉድጓዱ ተናደ፣ ቢያድግልኝ አልወጣም» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና የቀረውን ልብስ አሰጣሁ።

ታፈረ፦ አሰጣሽ?

የሻረግ፦ ርጥብ ነበራ።

ታፈረ፦ ትናንት የቢያድግልኝን ሻንጣ ይዞ ገባ የተባለው ያ ልጅ ሰጠኝ ነው ማለት ነው?

የሻረግ፦ እግሩ እስኪጠግን ለማንም እንዳይናገር እኔ ነኝ የለመንኩት። ሲመጣ ግን ለቄሱ ነገረ። ምን ያድርግ? ሻንጣ ይዞ ነው የመጣው፤ ሻንጣ አይደበቅ።

ታፈረ፦ ያን ሁሉ ቀን! ምሳዬን እያመጣሽ፣ «ቢያድግልኝ ደውሎ ሰላም ብሎዎታል» እያልሽ! ያ ሰላምታ ከማን ነበር?

የሻረግ፦ ከእኔ።

ታፈረ፦ ለምን? አባቱ አይደለሁም? ባዕድ ነኝ?

የሻረግ፦ እማማ ያረፉ ጊዜ እህል አልቀምስም ብለው የወደቁትን ረሱት? ሐኪሙ «ይህ ልብ ሁለተኛ ድንጋጤ አይችልም» ሲለኝ አጠገብዎ ነበርኩ። እንዴት ብዬ ልንገርዎት? እርስዎ ደግሞ በየቀኑ መናኸሪያ ይወርዱ ነበር።

ታፈረ፦ የቆላውን አውቶቡስ ለማየት ነዋ።

የሻረግ፦ የሚወርደውን ሁሉ «ቢያድግልኝ ታፈረን አያችሁ?» እያሉ። አንድ ቀን አንዱ «አዬ፣ እሱማ» ይልዎታል። ዕቃ ተሸካሚና ሎሚ ሻጭ መሐል፣ የሚደግፍዎት ሰው በሌለበት። ሌሊት ሌሊት የምቃዠው ይህንን ነበር።

ታፈረ፦ ከዚያ አልጋው ተሰበረ ብለሽ መጣሽ።

የሻረግ፦ እንጨት ከያዙ ሌላውን ይረሱታል ብዬ ነው። ሌላ ምን ልሰጥዎት እችል ነበር?

ታፈረ፦ ቆይ። ያን ስባሪ አግዳሚ አምጪው። ያውልሽ ከፍቅፋቂው ላይ። እይው እስቲ። ያመጣሽልኝ ቀን ነው ያየሁት። እንጨት ክብደት ሲሰብረው ጭረቱ ረጅም ነው፣ እንደ ሸማ ይቀደዳል። ይኼ ግን ከላይ ተቀጥቅጧል። የመጥረቢያ ጀርባ ነው።

የሻረግ፦ ቶሎ አልሰበርም ብሎኝ ነበር። አያትዎ ጥሩ ሠርተውታል።

ታፈረ፦ አንቺ ነሽ?

የሻረግ፦ እኔ ነኝ።

ታፈረ፦ እኔ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? በባሏ ተናዳ ነው ብዬ። ወርቅ ወርቅ ብሎ ጥሏት ስለቀረ አልጋዋን ፈለጠችው ብዬ። እንዲያውም ሲመጣ ቁጭ አድርጌ ልገሥጸው ነበር።

የሻረግ፦ ተናድጄም ነበር። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ታፈረ፦ እኔ ደግሞ ዛሬ ያቆየሁብሽ ለምን ይመስልሻል? አልጋውን ብሰጣት ዛሬውኑ አንጥፋ፣ ትራሱን አራግፋ ትጠብቀዋለች፤ ነገ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የተነጠፈ አልጋ ያያሉ፣ እሷም ያንን ስታይ ትሞታለች ብዬ ነው። አንድ ሌሊት ባለ ባል ሆና ትደር ብዬ።

የሻረግ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ታፈረ፦ ሽማግሌዎቹ «ጉድጓድ ተናደበት» ከማለት ሌላ አልነገሩኝም። ሰጠኝ ምን አለሽ?

የሻረግ፦ ይቅርብዎ፣ አባባ።

ታፈረ፦ ድጋፉ ምን እንጨት ነበር?

የሻረግ፦ ምን ያደርግልዎታል?

ታፈረ፦ ሌላ አልጠይቅሽም። እንጨቱን ብቻ ንገሪኝ።

የሻረግ፦ ርጥብ ባሕር ዛፍ።

ታፈረ፦ ርጥብ ባሕር ዛፍ! በዚያ ሐሩር! ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ እንኳን ተራራ ሊሸከም የራሱን ቅርፊት አይሸከምም። ይህን እኮ ልጁ ያውቃል! ጉልበቴን ሳያልፍ ነው ያስተማርኩት!

የሻረግ፦ ቀስ ይበሉ። ያውቅ ነበር። ለባለ ጉድጓዱም ነግሮታል። «ይህን ድጋፍ አባቴ ቢያየው ሁላችንንም በጥፊ ይለን ነበር» ብሎ አሳቃቸው አለኝ ሰጠኝ።

ታፈረ፦ እያወቀ ለምን ገባ?

የሻረግ፦ እሱ ውጭ ነበር። ሌሎቹ ናቸው ውስጥ የነበሩት። እንጨቱ ሲጮህ ሰማ። ሽብልቅ ጠርቦ ሊወትፍበት ገባ።

ታፈረ፦ ሽብልቅ።

የሻረግ፦ አዎ።

ታፈረ፦ የኔ ቃል ነው። «የሚጮህ እንጨት ሽብልቅ ይፈልጋል» እለው ነበር። ወንበር ሲጠግን። ወንበር እኮ ነው ያልኩት፣ የሻረግ። ስለ ወንበር ነው ያስተማርኩት።

የሻረግ፦ ሰጠኝና አንድ ሌላ ልጅ ወጥተዋል። እነሱ እስኪወጡ ድረስ ሽብልቁ ችሎ ነበር።

ታፈረ፦ ችሎ ነበር?

የሻረግ፦ ችሎ ነበር። ሰጠኝ ደጋግሞ ነው የነገረኝ።

ታፈረ፦ እንግዲያው አጥብቆ ነው የመታው።

የሻረግ፦ አጥብቆ ነው የመታው።

ታፈረ፦ ሰው ከመሬት ወርቅ ቆፍሮ ያወጣል። የኔ ልጅ ተቆፍሮም አልወጣ።

የሻረግ፦ ተራራው ነው የተናደበት። ጓደኞቹ ካህን አምጥተው እዚያው አፋፉ ላይ ፍትሐት አስደርገውለታል።

ታፈረ፦ ከእሱ በፊት የተወለዱትን ሁሉ ቀብረን ነው እናቱ ይህን ስም ያወጣችለት። ቢያድግልኝ።

የሻረግ፦ አድጎልዎት ነበር እኮ፣ አባባ።

ታፈረ፦ አደገ። አደገልኝ። ይህን አልክድም።

የሻረግ፦ ያን አረንጓዴ እግር ደክሞዎት አይደለም የተዉት።

ታፈረ፦ ጠጋ በይ። እዚህ ጋ እይ፣ ከጉልበቱ በላይ። ቀለሙ ሳይደርቅ ነክቶታል። የአውራ ጣቱ አሻራ ነው። ትናንት ሦስቱን ጨርሼ እሱን ልጀምር ስል እነ ቄስ ምስጋናው መጡ። ዛሬ ጧት ጠርሙሱን አንሥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። አልቻልኩም።

የሻረግ፦ ይተዉት። እንደዚያው ይሁን።

ታፈረ፦ የአያቴ አልጋ አንድ እግሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቅር?

የሻረግ፦ ዘመናዊ ይሁን።

ታፈረ፦ ወይ አንቺ ልጅ… ሳቄን አታምጪብኝ፤ ሳቁ ከመጣ ሌላውም ይከተላል። ግን ሁሉን ካወቅሽ አልጋው ለዛሬ ለምን አስቸኮለሽ?

የሻረግ፦ ነገ ቤቱ ሰው ይሞላል። አስከሬን የለም። ልብሱን ዘርግቼ ነው የማለቅስለት፤ የሠርጉን ጋቢ፣ ኮቱን፣ ያን አንድ ጥቁር ጫማውን። መሬት ላይ ልዘርጋው? ሰው እየተራመደ እንዲረግጠው? በተወለደበት አልጋ ላይ ይሁንልኝ።

ታፈረ፦ ጠፍሩ ርጥብ ነው፤ አይደርቅም።

የሻረግ፦ ልብስ ነው እኮ የሚተኛበት፣ አባባ። ልብስ ጎኑን አይወጋውም።

ታፈረ፦ እውነትሽን ነው። እንግዲያው ለልብስ ከሆነ ይቺው አጭሯ አግዳሚም ትበቃ ነበር። እግሮቹን ጠጋ ጠጋ አድርጌ…

የሻረግ፦ አትበቃም። ቃሬዛ አይደለም የምፈልገው። አልጋችንን ነው። ሁለት ሰው የሚይዘውን።

ታፈረ፦ ደረቅ ዋንዛ የለኝም። የነበረችኝን ቆርጬ አበላሸኋት።

የሻረግ፦ ያቺ ከጣሪያው ሥር ያለችውስ?

ታፈረ፦ እሷ አትነካም።

የሻረግ፦ የማን ናት?

ታፈረ፦ የኔ። ለራሴ ያስቀመጥኳት ናት።

የሻረግ፦ ለሳጥንዎ?

ታፈረ፦ እናቱ ካረፈች ጀምሮ እዚያው ናት። እየደረቀችልኝ ነበር። ምስማሩን የሚመታው ልጄ ነው ብዬ… እሱ ካልሆነ ማን ሊመታው?

የሻረግ፦ አልጠየቅኩም ይበሉኝ። ሌላ ፈልጌ እመጣለሁ።

ታፈረ፦ አውርጃት። መሰላሉ ከበሩ ጀርባ ነው።

የሻረግ፦ አባባ፣ ይተዉ።

ታፈረ፦ ተራዬን ወሰደ እኮ። እንጨቴንም ይውሰድ። አውርጃት ብዬሻለሁ።

የሻረግ፦ ትከብዳለች።

ታፈረ፦ የደረቀ ዋንዛ እንዲህ የሚከብድ አልነበረም። አቅፈሽ ያዣት። እዚህ፣ መሥሪያው ላይ። አሁን ያን የግርጌውን አግዳሚ አስጠጊልኝ፣ ልኩን ከእሱ እወስዳለሁ። እርሳሱን አቀብዪኝ።

የሻረግ፦ ይኸው።

ታፈረ፦ እንዲህ። በእጅ ልክ አይደለም፣ አጠገብ ላጠገብ አድርጌ ነው የማሰምረው። ዛሬ እጄን አላምነውም።

የሻረግ፦ መስመሩ ቀጥ ብሏል።

ታፈረ፦ መስመሩስ ቀጥ ብሏል። መጋዙን… ቆይ፣ ትንሽ ልቁም።

የሻረግ፦ ትናንት ማታ ከሰሙ ጀምሮ አላለቀሱም?

ታፈረ፦ እንዴት ብዬ ላልቅስ? አንቺ ሳትረጂ ከዚህ ቤት ድምፅ ከተሰማ መርዶው ፈረሰ። ለአጎቶቹ ገጠር ሰው ተልኳል፤ ሌሊቱን ይገባሉ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ወጉ እንኳ ካልተያዘ ምን ይቀረዋል? ጋቢዬን ነክሼ ነው ያደርኩት።

የሻረግ፦ እኔ ወንዝ ወርጄ ልብስ እያጠብኩ ነበር የማለቅሰው። ውኃው ድምፅ አለው። የታጠበውን ልብስ ደግሜ አጥቤያለሁ። ጎረቤቱ «ምነው ይህ ንጽሕና በዛ» ብሎኛል።

ታፈረ፦ እኔም እኮ ብዬሽ ነበር። «ልብሴን አሳሳሽው» ብዬ።

የሻረግ፦ ብለውኛል።

ታፈረ፦ ነገስ? ሽማግሌዎቹ ገብተው ሲነግሩሽ እንዴት ልትሆኚ ነው?

የሻረግ፦ እንደ አዲስ እጮኻለሁ። አይስጉ፣ አይጠፋኝም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ታፈረ፦ ለኔ ግን እስከ ነገ ራቀብኝ። ይኸው አሁንም ጋቢዬን እየነከስኩ ነው። ይህ ግድግዳ ደግሞ ሳንቃ ነው፤ አዛለች ሳስነጥስ «ይማርዎ» ትለኛለች።

የሻረግ፦ መጋዙን ይስጡኝ።

ታፈረ፦ ምን ልታደርጊው? መጋዝ ይዘሽ ታውቂያለሽ?

የሻረግ፦ መጥረቢያስ መች ይዤ ዐውቅ ነበር?

ታፈረ፦ ብትስቺው ሌላ ዋንዛ የለም።

የሻረግ፦ ያሰመሩትን ተከትዬ ነው የምሄደው። እዚህች በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ፊትዎን ወደ ግድግዳው። ጋቢውን ከአፍዎ ያውጡት።

ታፈረ፦ የሻረግ፣ ሰው ይሰማል። የመንገዱ ሰው፣ አዛለች…

የሻረግ፦ ከውጭ የሚሰማው የመጋዝ ድምፅ ነው። ያልቅሱ፣ አባባ። እኔ አልቸኩልም፤ ቀስ ብዬ ነው የምቆርጠው።